በዜማ የተያዘ ፖለቲካ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1973

ጉድ ፈላ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጠዋት ሰብስቦን፣ ዓርብ የዘር መጋዘን ጠባቂዎች በሙሉ በቃል እንፈተናለን አለ። ያለፈ አሰላ ይቀራል፣ የወደቀ ሩቅ ጮሌ ወረዳ ወደተከፈተው አዲስ መጋዘን ይዛወራል። ስለ ስንዴ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት! ፈተናው ግን የፖለቲካ ትምህርትና ጠቅላላ ዕውቀት ነው።

ልጄ ዓለሚቱ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ጮሌ ብሄድ ማን ዘንድ ትሆናለች?

ጉታ፣ አብሮኝ የሚጠብቀው፣ ሳቀብኝ። «ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ የዳዊት ሰው፤ መደብ ምን እንደሆነ ሲጠይቁዎት የምተኛበት ነው እንዳይሉ!»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዓለሚቱ ከውይይት ክበቡ ወረቀት ገልብጣ ጻፈችልኝ። አገር በአራት ነገር ይቆማል፦ በሕዝብ፣ በመሬት፣ በመንግሥት፣ በሉዓላዊነት። ሉዓላዊነት ማለት አንድ አገር ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት በራሱ ጉዳይ መወሰኑ ነው። መንግሥት ማለት አንዱ መደብ ሌላውን የሚገዛበት መሣሪያ ነው።

ስለ ዩኒቨርሲቲም አለ። አዲስ አበባ ያለው መጀመሪያ ኮሌጅ ነበር። የዛሬው ዋና ግቢ ቤተ መንግሥት ነበር።

ሃያ ጊዜ አነበብኩ። ወረቀቱን ስገለብጠው ሁሉም ጠፋ። ትምህርቴ ቄስ ትምህርት ቤትና የማታ አራተኛ ክፍል ነው፤ እንዲያው ውኃ በወንፊት ነው የያዝኩት ለካ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተገኘ! ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሳላስበው «ሉዓላዊነት ማለት» የሚለውን በዳዊት ንባብ ዜማ ጀመርኩት። እስከ መጨረሻው ወጣልኝ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ልጅ ሳለሁ የኔታ ፊት የተያዘልኝ ሁሉ በዜማ ነበር።

ዓለሚቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባዬ፣ በቃ፣ ይሄ ነው የሚያስይዝዎት!» አለችኝ። ማታውን ሁሉ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ አዜማለሁ።

ለጉታ ላስተምረው ወይስ ልተው ብዬ ቆየሁ። እሱ ቢወድቅ እኔ ጎልቼ እታያለሁ የሚል አንድ ክፉ ሐሳብ በልቤ አለፈ። አፈርኩ። ከሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠን አስያዝኩት። እሱ በኦሮምኛ ሽለላ አስመስሎ አወጣው፤ ይብላኝ ለሚሰማው!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ወረቀቱ ላይ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው የምትል መስመር አለች። ይህቺን አላዜምም አልኩ። ዓለሚቱ ፈራች። «አባዬ፣ ለፈተና ብቻ እኮ ነው።»

«እግዚአብሔርስ ፈተና ቦታ የለም?» አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ብጠየቅ ምን እላለሁ? ለልጄ ብዬ አምላኬን፣ ለአምላኬ ብዬ ልጄን? ልቤን ስመረምረው ድፍረት ነው ወይስ ግትርነት፣ ለይቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ቅዱስ ሚካኤል

ሌሊት ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ስሜ ተመለስኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራሁ።

ኮሚቴው ሦስት ነው። ሊቀመንበሩ ፊቱ አይፈታም። «ጓድ በቀለ፣ ሉዓላዊነት ምንድነው?» አለኝ። በደረቁ ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣም። ከዚያ ምን ላድርግ፣ አዜምኩት! የታይፕ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይህ ዜማ ከየት የመጣ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ልዋሽ አልኩና ተውኩት። «ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ጓድ። ያለ ዜማ አይያዝልኝም።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በቃልህ መያዝህን አየን። ገብቶሃል ወይ? በራስህ አነጋገር ተናገር።»

«የመጋዘኑ ቁልፍ በእጄ ነው፣» አልኩ። «ጎረቤት መጥቶ እህሉ ስንት ይውጣ፣ ለማን ይሰጥ ብሎ ካዘዘኝ፣ ቁልፉ በእጄ ቢሆንም ጠባቂ አይደለሁም። አገርም እንዲሁ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጻፈ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት አቋርጦ የነበረው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህንንስ ማን ያጠናል! ተማሪዎቹ ለዕድገት በኅብረት ዘምተው ነው። ወደዚህ ከመጡት አንዷን ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት፣ ሟች ባለቤቴ የራሷን ጋቢ አልብሳታለች። ይህንንም ተናገርኩ። ወይዘሮ አስካለ ራሷን ነቀነቀች።

ስለ ሃይማኖት አልጠየቁኝም። ደብተራቸውን ሲያጥፉ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። በቀለ፣ አሰላ። ጉታ፣ አሰላ! ከስድስታችን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ጉታ ግቢው መሀል አንገቴን አንቆ አቀፈኝ። «የእኛ ፕሮፌሰር!» እያለ ጮኸ። ዓለሚቱ ከቤት እየሮጠች መጣች፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ሊቀመንበሩ አስጠርቶኝ ነበር። ለማክሰኞው ውይይት ለሌሎቹ እንዳስረዳ አዘዘኝ፣ «በቁልፉ ምሳሌ እንጂ በዜማው አይደለም» ብሎ። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

አንድ ቀን ያቺን የሃይማኖቷን መስመር አስረዳ ይለኝ ይሆናል። ያኔ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም። ልጄ ግን በወዲያኛው ክፍል ውስጥ ሒሳቧን እየሠራች ነው፤ እኔም እዚሁ ነኝ።