ግሪን አሸዋ

ጥቅምት 4

ዛሬም ለሙያ መዝገበ ቃላታችን የምለቅመው «ግሪን»ን ነው። ሦስተኛ ቀኔ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ አረንጓዴ ብለሽ አትገላገይም ወይ ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አራት ካርድ ተደርድሯል፤ ስለ ቀለም የሚያወሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የእንጨት መጋዘኑ ሰውዬ አንድ ቡናማ ሳንቃ በጥፊ መትቶ «ይሄ ግሪን ነው፣ በር ካሠራሽበት በሁለት ወር ይጣመምብሻል» አለኝ። ያልደረቀ ማለቱ ነው። ትናንት ደግሞ የሕንፃ መሐንዲሷ «ኮንክሪቱ ገና ግሪን ነው፣ እንዳትረግጪው!» ብላ ጮኸችብኝ። ረግጬው ነበር። ጫማዬ ምስክር ነው።

ነጠላ ሰረዝ ካርዶቹን አየና «ይሄ ቃል፣ እንደ ሰው ነው፣ በገባበት ቤት፣ ሌላ ጠባይ ያመጣል» አለ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። በየሦስት ቃሉ ስለሚያርፍ ነው ስሙን ያወጣንለት። እሱም ለምዶታል።

ከሰዓት ሻይ ደፋሁ። ሁለት ካርድ ድጋሚ ገለበጥኩ።

ጥቅምት 6

ዋና አዘጋጇ ደንቡን እንደገና አስታወሱን። ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አይገባም። ሙያተኛው ራሱ ሲናገር በጆሯችን የሰማነው ብቻ፣ እንዳለ፣ ሳይቀባባ። የካርዱ ፊት ላይ ቃሉና ንግግሩ። ጀርባው ላይ አራት መስመር፦ ሙያ፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ከሰብሳቢው ጋር ያለ ዝምድና።

የመጨረሻዋ መስመር የመጣችው ድሮ አንዱ ባልደረባችን የቧንቧ ሠራተኞችን ቃል በሙሉ ከሚስቱ ወንድም ስለሰበሰበ ነው። ግማሹ የሰውየው ፈጠራ ሆኖ ተገኘ። እኔ እዚያ መስመር ላይ ሁልጊዜ «የለም» ነው የምጽፈው። እጄ ለምዶታል።

የአጥንት ሐኪሙ ካርድ ገባ። የልጅ አጥንት ግሪን ስለሆነ በአንድ በኩል ይሰነጠቃል፣ በሌላው ይጎብጣል አለኝ። ሙሉ በሙሉ አይሰበርም... ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የቀረኝ የብረት ማቅለጫው ነው። ግሪን ሳንድ የሚሉት፣ ለቅርጽ ማውጫ የሚሆን እርጥብ አሸዋ። የ«ገ» ፊደል ኅዳር 30 ትዘጋለች። ጊዜ አለኝ።

አለኝ እያልኩ ስንት ቀን አሳለፍኩ?

ጥቅምት 11

ከከተማ ወጣ ያለው አዲሱ ብረት ማቅለጫ ሄድኩ። መሐንዲሱ ትሁት ነው፤ ራስ ቁር አልብሶ አዞረኝ። የእነሱ አሸዋ ማጣበቂያ ተቀላቅሎበት በማሽን ይደርቃል። «ግሪን ሳንድ የአባቶቻችን ነው» አለ። «በእጃቸው ጨብጠው ነበር የሚያውቁት። አሁን የቀሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው ይባላል፣ እሳቸውም ታመው ቤት ውለዋል» ብሎ ስም ጠራልኝ።

ብዕሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አመሰግናለሁ ማለቴንም እንጃ።

ጥቅምት 12

ስሙ የተጠራው ሰው አባቴ ነው።

ትናንት ሳልጽፈው ቀረሁ። ለራሴ ደብተር ደግሞ ምን እደብቃለሁ?

ካነጋገርኩት ስምንት ዓመት ሆነኝ። ታላቅ ወንድሜ አብሮት ነበር የሚሠራው። የቀለጠ ብረት ወደ አሸዋው ቅርጽ ሲያፈስ፣ አሸዋው ውሃ በዝቶበት ኖሮ፣ እንፋሎቱ ብረቱን አፈንድቶ መለሰበት። ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ አባቴን «አንተ ነህ የገደልከው» አልኩት። አሸዋውን የሚያዘጋጀው እሱ ነበርና። እጆቹን ብቻ አገላብጦ አየ።

ከቀብሩ በኋላ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «ጡረታ ወጥቷል» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ጥቅምት 13

ምንም አልሠራሁም። ካርድ ስደረድርና ስበትን ዋልኩ።

ጥቅምት 19

አክስቴ ደወለች። አባቴ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፤ እህቱ ናት። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው እንዴ? ሐኪሙ ሳንባው አልቋል አለ። የስንት ዓመት አቧራ ነው። ሲተነፍስ እኮ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ኋላ እንዳይቆጭሽ።»

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

«ሥራሽ ቃል መልቀም አይደል? እሱም ጋ ቃል አለ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። የሄድኩት ለካርዱ ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። የብረት አልጋ፣ በርጩማ ላይ መድኃኒት፣ በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ግድግዳ። አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እንዲህ ማነሱን ማንም አልነገረኝም። አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። እጁ ግን ያው ነው፤ ከሰውነቱ ላይ የተረፈው እጁ ብቻ ይመስላል።

«እንዴት ነዎት?» አልኩት።

«ነዎት?» አለ። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?»

«ለሥራ ነው የመጣሁት።»

«ሥራማ ጥሩ ነው። ተቀመጪ።»

ስለ ቃሉ ነገርኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ። «አሸዋው እኮ ጥቁር ነው። የከሰል ዱቄት ገብቶበት ከሰል ነው የሚመስለው። ስንት ሰው ግሪን ስንል አረንጓዴ አሸዋ ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት ስቄያለሁ መሰለሽ!» ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ቆየ። ውሃ አቀበልኩት።

ከዕቃ ቤት አንድ ቆርቆሮ እንዳመጣለት ላከኝ። አሸዋው እዚያው ውስጥ አለ፤ ጡረታ ሲወጣ ይዞት መጣ ትላለች አክስቴ፣ ሰው ወርቅ ይዞ ይወጣል እሱ ጥቁር አፈር። በመዳፉ ውሃ ረጨበትና አሸው። ከዚያ እጄን ያዘ። ዘግኖ መዳፌ ላይ አደረገ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«ጨብጪ። አሁን ክፈቺ። የጣትሽ ምልክት ወጣ? መሃሉን ስበሪው። ሳይፈረካከስ ለሁለት ከተከፈለ፣ እጅሽ ላይም ካልቀረ... ያኔ ግሪን ነው። ብረት አፍስሺበት።»

መዳፌን አየሁት። ንጹህ ነበር።

ያለውን በካርዱ ፊት ጻፍኩ። ገልብጬ ሙያ፣ ዕድሜ፣ ቀን ሞላሁ። እጁን ዘርግቶ «እስቲ» አለ። ሰጠሁት። የካርዱን ፊት አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። ገለበጠው። ጀርባውን አነበበ። ብዙ ቆየበት።

መልሶ ሰጠኝና ወደ መስኮቱ ዞረ።

አውቶብስ ውስጥ ነው ያየሁት። አራተኛው መስመር ላይ፣ በራሴ ጽሑፍ፣ «የለም»።

ጥቅምት 24

እጄ ነው የጻፈው፣ እኔ አይደለሁም... ለማን ነው የማስረዳው? ለሺህ ሰው የጻፍኩትን ቃል ለእሱም ጻፍኩለት።

አፍሬያለሁ። ልሰርዘው ብዬ ካርዱን አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁት። ሰርዤ ምን ልጽፍ?

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃል ስመርጥ ደረስኩ። ሥራዬ ቃል መምረጥ ሆኖ አንድ አላገኘሁም።

እሱ ቀደመኝ።

«ያቺን ካርድ አይቻታለሁ» አለ። «አትሸማቀቂ። ዝምድና ከሌለን እንግዲህ እንደ እንግዳ ሰው ልንገርሽ። ለእንግዳ ይቀላል።»

በየመሃሉ ትንፋሽ እየፈለገ ነው የነገረኝ። ያን ቀን የፓምፕ ክዳን ነበር የሚያወጡት። አሠሪው ሁለት ጊዜ መጥቶ አጣድፏቸዋል። አባቴ እንደ ልማዱ አሸዋውን ዘግኖ ጨበጠ።

«ግሪንነቱ አልፎ ነበር። እጄ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አየሁት። እያየሁት ‹ይሁን› አልኩ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና ‹አፍስስ› አልኩት።»

«ወንድምሽ አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ‹ደህና ነው አይደል?› አለኝ። ደህና ነው አልኩት» አለ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«መች ጠየቅሽኝ? ፈረድሽ እንጂ። ፍርድሽ ደግሞ ልክ ነበር። ልክ ለሆነ ነገር ሰው ምን ይመልሳል?»

ያኔ ነው ጭኔ ላይ ያለውን ያየሁት። ካርድ። ጽፌዋለሁ። አባቴ የሆዱን ሲነግረኝ፣ እኔ አንድ ቃል ሳይወድቅብኝ እየቀዳሁ ነበር።

እሱም አየ። ካርዱን ልቀድ ስል «ተይው» አለኝ። አክስቴ ገብታ ሁለታችንንም አየችና ተመልሳ ወጣች።

እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ስምንት ዓመት ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን ምን አደረገልኝ?

ኅዳር 3

የባሰው መጣ። ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ስገለብጥ ካርዱ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ኖሯል። ዋና አዘጋጇ የ«ግሪን»ን ጥራዝ ሲያዩ አገኙት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን የነገሩሽ ሰው ማናቸው?»

«አንድ ቀላጭ።»

«በሠላሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ ምሳሌ አላየሁም። ቃሉን የሚገልጸው ግሪንነቱ ሲያልፍ ነው። ይገባል። ግን ጀርባው አራተኛው መስመር ባዶ ነው፤ ያልሞላ ካርድ እንደማይታተም ታውቂያለሽ።»

እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። ለምን አሉኝ። ነጠላ ሰረዝ ቀና ብሎ አየኝና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያርፍ፣ «ሰውየውን ራሷ ሄዳ አስፈቅዳ ትምጣ» አለ። ዕድሜ ይስጠው። ካርዱን ለጊዜው መለሱልኝ።

ኅዳር 4

ሐሙስ። ከሥራ ቀጥታ ወደ አባቴ። ጥያቄውን አላድበሰበስኩትም፤ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው፣ ስምህ አይኖርም፣ ንግግርህ ግን እንዳለ ነው፣ እምቢ ካልክ እቀደዋለሁ አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«መጽሐፉን የሚያነበው ማነው?»

«ሙያ የሚማሩ። መሐንዲሶች። ተርጓሚዎች።»

«ይግባ። አንድ ሰው እንኳ አንብቦ እጁን ካየ...»

ሳሉ ጨረሰለት። ጀርባውን ደግፌ ያዝኩት። አጥንቱ ይቆጠራል። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ፈለግሁ፣ ይቅር በለኝም ማለት ፈለግሁ፣ የትኛው ይቅደም? ሁለቱንም አልኩት። የትኛውን ቀድሜ እንዳልኩ አላስታውስም። እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

ኅዳር 12

ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ነኝ። ጺሙን ላጨሁት። «አንቺ ከመላጨት መልቀም ይሻልሻል» አለ። አገጩን ሁለት ቦታ ቆርጬው ነበር።

ስለ ወንድሜ አወራን። እንዴት እንደሚያፏጭ። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ አሟሟቱ ብቻ ነበር የማስበው።

ኅዳር 20

ኦክስጅን ገባለት። አክስቴ ደከመች፤ ሌሊቱን እሷ፣ ከሰዓቱን እኔ። ሐኪሙ ቀን አይነግረንም። እኛም አንጠይቅም።

ኅዳር 29

ካርዱ አሁንም ባዶ መስመሩን ይዞ ቦርሳዬ ውስጥ። ነገ ፊደሏ ትዘጋለች። ዛሬ በምሳ ሰዓት አወጣሁት። ስጽፈው ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። የሞተው ማን እንደሆነ፣ ‹ይሁን› ያለው ማን እንደሆነ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ። ቢሮው በሙሉ ያነበዋል።

ጻፍኩት። የጥቅምቱንም ካርድ አውጥቼ «የለም»ን ሰረዝኩ፣ ከላዩ ያንኑ ጻፍኩ። ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው። ዋና አዘጋጇ ሁለቱንም ተቀብለው ገለበጡ፣ አነበቡ፣ ማኅተሙን መቱ። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

ኅዳር 30

ካርዱን ለአንድ ቀን አዋሱኝ። ይህም ክልክል ነው።

አባቴ ነቅቶ ነበር። ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። «ታተመ?» አለ በከንፈሩ። ገና፣ ግን ገብቷል አልኩት። አንብቢልኝ በሚል በጣቱ አሳየኝ።

የካርዱን ፊት አነበብኩለት። ‹ይሁን› የምትለዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ጠበቀኝ። ጨረስኩ።

በጣቱ ገልብጪው አለኝ።

«ሙያ፣ ብረት ቀላጭ። ዕድሜ፣ ሰባ አንድ። ቀን፣ ኅዳር አንድ። ከሰብሳቢው ጋር ያለ ዝምድና፣» አልኩ፣ «አባቴ።»

የአየር ጭምብሉን ከአፉ ላይ አነሣ። ልከለክለው ስል እጄን ያዘ።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት።