የላጤ ሰፈር ተብለናል

ናዝሬት፣ ነሐሴ ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

አቦምሳ ላለሽው፣ ለናፈቅሽኝ የቤቴ እመቤት፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላቸው? ወንድሞችሽ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ፈረሱም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከኔ ይልቅ እሱ ወፍሯል።

በማን አስጻፈው ብለሽ አትድከሚ። የማታውን መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። አስተማሪያችን እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም ብሎኛል፤ በምን በኩል እንደሆነ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። አሁን ጋሪዬን እየነዳሁ ሳላነበው የማልፈው የሱቅ ሰሌዳ የለም። ተሳፋሪው ይራገማል እንጂ እኔስ ከተማውን ገና አሁን ነው ያወቅሁት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከሐዲዱ ጀርባ ያለው ሰፈራችን በማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ፕላን የመጋዘንና የከባድ መኪና ማቆሚያ ይሁን ተብሏል። በሰኔ ችካል ይዘው መጡና ከአስፋልቱ ጀምረው ሲተክሉ ሲተክሉ፣ አንቺ በእጅሽ የመረግሽው ግድግዳ ጥግ ደረሱ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የአጥር ጎረቤታችን ቀመሪያ፣ ልጆቼ ቦኖ ውሃ ሲቀዱ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ቢደፈጥጣቸውስ ብላ ጠየቀች። እማማ አሳየች ደግሞ ስሞት የእድሩን ድንኳን በሁለት መኪና መሀል ልትተክሉልኝ ነው ወይ አሉ። እኔም ተነሥቼ ተናገርሁ። ጭብጨባው ወለንጪቲ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሊቀመንበሩ ግን ከአጀንዳው ወጥተሃል ብሎ አስቀመጠኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ክፉ አይደለም። ይህ የላጤ ሰፈር ነው፤ ጋሪ ነጂና ከወንጂ ሸንኮራ የመጣ ወንደላጤ የትም ያድራል፤ ትዳር ያለበት ቤት ካለ ግን መስመሩን አዞራለሁ አለ። ቤት ለቤት ዞሬ በዓይኔ አያለሁ ብሎ ቀን ቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ላጤው ኃይለጊዮርጊስ ባለትዳር ለመምሰል የቀመሪያን ልጆች ተበድሮ ደጃፉ ላይ ደረደረ፤ ትንሿ ሰውዬው ፊት ጋሼ ቤቴ የምሄደው መቼ ነው አለችው። ፈይሳ ደግሞ የሴት ልብስ ከየት ያምጣ፣ የእማማ አሳየችን ከል ለምኖ ገመድ ላይ አሰጣው።

ሰውዬው ጥቁሩን ቀሚስ አይቶ፣ «ባለቤትህ ሐዘን ላይ ናት እንዴ?» አለው።

«አዎ ጌታዬ» አለ ፈይሳ፤ «እኔን ካገባች ጀምሮ።»

ሰውዬው እየሳቀ እኛ በር ደረሰ። እኔ ከማንም አልተበደርሁም። ትተሽው የሄድሽውን ሰማያዊ ቀሚስ አጥቤ አስጥቼው ነበር። ይሄስ የየትኛዋ አሮጊት ነው አለኝ። ይህ ለስብሰባ ያልተበገረ አፌ ተዘጋ። ቀሚሱን አየሁ፣ መሬቱን አየሁ። ያን ጊዜ ቀመሪያ ከአጥሩ ማዶ፣

«ወላሂ የሚስቱ ነው። ራሴ ነኝ የሰፋሁላት። እናቷ ዘንድ ሄዳ ነው፤ ወላሂ ለመስቀል ትመጣለች» አለች።

ሰውዬው ፊቴን አየና ሳቁን ተወ። ምን እንዳየ እንጃ። ጎንበስ ብሎ ችካሉን ነቀለው፤ አልጣለውም ግን፣ አጥራችን ሥር አጋደመው። ከመስቀል በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ፤ በሩን እሷ ራሷ ከከፈተችልኝ መጋዘኑ ከሐዲዱ ማዶ ይሆናል አለ። ቤታችን የመስመሩ መታጠፊያ ነው፤ እሱ ከተረፈ ከኋላው ያለው ሁሉ ይተርፋል።

ቀመሪያ ወላሂ ብላ እንደማትዋሽ ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ደህና አደርህ ማለት ትቶ መቼ ነው የምትመጣው ይለኛል። እማማ አሳየች ለማርያም ጧፍ ተስለዋል። ጣራው የሚያፈስበትን ፈይሳና እኔ ደፍነነዋል።

ስትሄጂ፣ ካንተ ጋር መኖር ከሬዲዮ ጋር መኖር ነው፣ ይናገራል እንጂ አይሰማም ብለሽኝ ነበር። ሬዲዮው ዝም ሲል ደግሞ ምን እንደሚሰማ ያን ቀን አወቅሁ። ቤቱ ጭው ይላል።

ለሰፈሩ ስትዪ ነይ አልልሽም፤ እሱን ሌሎቹ ይበሉ። የደመራ ዕለት ግን ተሳፋሪ አልጭንም፤ ጋሪውን አጥቤ የአቦምሳው አውቶቡስ የሚቆምበት እቆማለሁ።

የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ክረምቱን በሰላም ያውጣሽ፤ የአደይ አበባ ሲፈነዳ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። መልስሽን ላኪው፤ ማንም ሳይሰማ ራሴ አነበዋለሁ።

በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ባልሽ ነኝ፤
ባንቺ ፊት ምን እንደሆንሁ አንቺው ጻፊልኝ።