ያረጀውን ብልቃጥ ሰጠሁት

ለውድ እህቴ ለብርነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እህት ዓለሜ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ? እማማስ እህል ይወርድላታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩ በፖስታ የሚላክ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ሸምሱ በእጅሽ ያስረክብሻል። አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

በቀይ ሽብሩ ጊዜ ወንድማችንን ጌቱን ለታጣቂዎች ጠቁሞ ያስወሰደው ቦጋለ የምሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኖ መጥቷል ብዬሽ ነበር። በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ ጓድ» እያልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ ኖርኩ።

የማጠናው በኩሬ ውሃ የሚኖሩ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ በቅጡ የማይታዩ ፀጉራም ፍጥረታትን ነው። ሰውነታቸው አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት፤ ለሁለት እየተከፈሉ ይባዛሉ። ሞት የማያውቁ ይመስላሉ። ግን እንዲያ እየተከፈሉ ብቻ ከኖሩ ውስጥ ውስጡን ያረጁና ዘራቸው ይጠፋል። ከሌላ ዘር ጋር ተጣብቀው ውርሳቸውን ከተለዋወጡ ደግሞ እንደ ሕፃን ሆነው እንደገና ይጀምራሉ። ከጀሞ ኩሬ ከቀዳሁት ግማሹን በአንድ ብልቃጥ ለብቻው አስረጀሁት፤ ግማሹን በሌላ ብልቃጥ ከለቡ ኩሬ ካመጣሁት ጋር አዳቀልኩት።

ባለፈው ወር ቦጋለ ጠራኝና «ሥራሽን ሊጎበኙ ለሚመጡት ባለሥልጣኖች የማቀርበው እኔ ነኝ፤ እኔ ለውጭ አገር ትምህርት የምታጨውም በዚሁ ነው። ደህናውን ብልቃጥ አምጪ» አለኝ። የስንት ዓመት ልፋቴን! እሺ አልኩና ያረጀውን ሰጠሁት። ያን ዕለት ገና ይዋኙ ስለነበር ምኑም አልገባውም።

ባለሥልጣኖቹ ከሳምንት በኋላ ሲመጡ «እነዚህ ሞት አያውቁም!» እያለ ደሰኮረላቸው። አጎንብሰው ቢያዩ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። አንዱ ሻምበል «በእኛ ላይ ትቀልዳለህ?» ሲለው ላቡ በግንባሩ ወረደ። ጉዞው ተሰረዘ፣ ከኃላፊነቱም ተነሣ።

እንግዶቹ እንደወጡ «ምን ገደላቸው?» አለኝ።

«እርጅና» አልኩት። ጠጋ ብዬም «ጌቱ ለእርጅና እንኳ አልታደለም» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሊበቀለኝ ይችል ይሆናል፤ ይሞክር። የጌቱ ደም በአንድ ጉዞ አይካስም፤ ቢሆንም ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ጣመኝ።

ለባለቤትሽ ለከበበው የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሿን ትሩፋትን ጉንጯን ሳሚልኝ። የእማማን ጉልበት ስለ እኔ ሳሚ። ቦጋለ አለቀሰ ወይ ብላ ከጠየቀችሽ፣ ገና ነው በያት።

እህትሽ ፀሐይወርቅ
ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.