ወደ ቡሬ አዙረው

ለምወድህ ባለቤቴ ለታደሰ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ ጤና እንደሚቀድም ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ግን አፈር ለለበሰ ሰው ጤና እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? እኔ ከፍርሃቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተለያየን ዓመት ሞላን። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን፤ ዳሱ ሞልቶ የተረፈው ሰው ደጅ ቆሞ በላ። ጠብታ ዝናብ አልጣለም። እንደማይጥል አስቀድሜ አውቅ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ልነግርህና፣ እረፍት ነስቼህ ከሆነ ይቅርታ ልለምንህ ነው የምጽፈው።

ያ ከሽቦ ወንፊትና ከቆርቆሮ የሠራኸው ትልቅ ሳህን አሁንም ጓሮ ቆሟል። እንዲዞርልህ ከአሮጌ መኪና ፈተህ በግንድ ላይ የገጠምክለት የጎማ ቸርኬ ዝጎ ሲዞር ያቃስታል። አገሩ የገባው ፈረንጅ መምህር ትቶልህ የሄደው ሥዕል አውጪ ማሽንም መስኮቱ ሥር ነው። ታስታውሳለህ የመቱ ሰው እንዴት እንደሳቀብህ? ዝናብ ለማወቅ ሳህን ምን ያደርጋል፣ እጅህን ወደ ደጅ ዘርጋ አሉህ። እኔም ስቄብህ ነበር፣ መቼም አልደብቅህም። በተለይ ቀይ ባሕር ብለህ ያሳየኸኝ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ።

ረፋድ ላይ ያቺ የደመናውን ሥዕል ከሰማይ የምትልክልን ሰው ሠራሽ ጨረቃ በኖፓ በኩል ትወጣና በጎሬ በኩል ትጠልቃለች። አንተ ውጭ የሳህኑን እጀታ ይዘህ ትከተላታለህ፤ እኔ ውስጥ ማሽኑን አዳምጣለሁ። ድምፁ ጠርቶ ጢክ ጢክ ካለ ዝም፤ መንሿሿት ከጀመረ ሳህኑ ስቷል ማለት ነውና በመስኮት እጮህልሃለሁ። ሰሜንና ደቡብ ስለሚምታታብኝ በዙሪያችን ባሉት ከተሞች ስም ተስማማን። ወደ ኖፓ! ትንሽ ወደ ቡሬ! ኧረ አለፍከው፣ ወደ ሁሩሙ መልሰው! መንገደኛው ሁሉ ይቺ ሴት ባሏን አገር ላገር ታዞረዋለች ይል ነበር። ከዘገየህ ሥዕሉ ጉንዳን የወረረው መስሎ ይወጣና እንጣላለን። አንተ የጮህሽው ዘግይተሽ ነው ትላለህ፣ እኔ ክንድህ ነው የዘገየው እላለሁ።

ከዚያ ከባሮ ቆላ ይዘኸው የመጣኸው ወባ ወሰደህ። ሐዘን ቤት ራዲዮ አይከፈትምና ሴቶቹ ማሽኑን በጥቁር ነጠላ ሸፈኑት።

ኅዳር ላይ ጎረቤታችን ሸህ አህመድ መጡ። ቡናቸውን በሙሉ አስጥተው ሰማዩ አላምር ብሏቸዋል። ልጄ፣ ሐዘንሽን አውቃለሁ፣ ግን ይህ ቡና ከበሰበሰ ልጆቼን ምን ላበላ ነው አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ነጠላውን ገለጥኩ። ሳህኑን የሚይዝልኝ ስለሌለ ወደ ላይ ቀና አድርጌ ተውኩትና የመጣውን ልቀበል ገባሁ። ድምፁ መጣ፤ ወዲያው ይንሿሿ ጀመር። አፌን ይቁረጠውና፣ ልማድ ነው፣ ወደ ቡሬ አዙረው ብዬ ጮህኩ።

ድምፁ ጠራ።

ነፋስ ነው አልኩ። እንደገና ሲንሿሿ፣ አሁን በሹክሹክታ፣ ወደ ጎሬ አልኩ። ጠራ። ነፋስ ቡሬንና ጎሬን ለይቶ ያውቃል እንዴ? የመስኮቱን መጋረጃ ሳልገልጥ ሥዕሉ ወጥቶ አለቀ፤ አትቀየመኝና በሕይወትህ እንዲያ የጠራ አውጥተህ አታውቅም። ሥዕሉ ላይ ከባሮ በኩል ነጭ ደመና ተጭኖ ይመጣል። ሸህ አህመድ ቡናቸውን ሰበሰቡ፤ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ወረደ። እሳቸው አላህን አመሰገኑ። እኔ ማንን እንደማመሰግን ጨነቀኝ። ሥዕሉ እንዳለቀ ጓሮ ወጥቼ እጀታውን ነክቼው ነበር፤ ሳህኑ ላይ ጤዛው አልደረቀም፣ እጀታው ግን ሰው ይዞት እንደቆየ ሞቅ ብሏል።

መተው ነበረብኝ፤ አልተውኩም። ዓመቱን ሙሉ ጠራሁህ። ለሸህ አህመድ ቡና ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ ቡና ካለቀም በኋላ ጠርቼሃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ረፋድ ሲቃረብ ፀጉሬን አበጥራለሁ፣ ያን የምትወደውን ቀሚስ እለብሳለሁ። መጋረጃውን ግን ገልጬ አላውቅም። አንተን ማየትም፣ ማንንም አለማየትም እኩል ያስፈራኝ ነበር። አንዳንዴ ሳያስፈልግ ወደ ሁሩሙ እልና መልሼ ወደ ቡሬ እልሃለሁ፣ ትታዘዘኝ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ። በቁምህ እንዲህ ታዝዘኸኝ አታውቅም።

እናትህ ለሙት ዓመቱ ከኖፓ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ሰኞ ዕለት ጓሮ ሣሩ ላይ ፀሐይ ይሞቁ እንደነበር አላወቅሁም፤ እንደልማዴ ጮህኩ። ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ያዩትን ብለምናቸው፣ እግራቸው ላይ ብወድቅ አልነግርሽም አሉ። ኢንዋሚን፣ ብቻ አሉኝ በኦሮምኛ። ደግሞ አልሰማሁም እንዳልል በአማርኛ ደገሙት፤ አትጥሪው፣ ልጄ ደክሞታል። ወልደውሃልና ድካምህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። እኔ ደግሞ አልጠራህም ብል ዳግመኛ የማጣህ መሰለኝ። እንደተገላበጥኩ ነጋ።

በማግስቱ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩና ነጠላዬን ነከስኩ። ድምፁ መጣ፣ ጠራ፣ ከዚያ መንሿሿት ጀመረ። ዝም አልኩ። ሲንሿሿ፣ ሲንሿሿ ቆየ። ከዚያ ውጭ ጎማው ሲያቃስት ሰማሁ፤ የዞረው ወደ ኖፓም ወደ ቡሬም አልነበረም፣ የማሽኑ ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። መጋረጃውን ገለጥኩት። ጓሮው ባዶ ነው። ሳህኑ ሰማዩን ትቶ በሙሉ ፊቱ ወደ መስኮቱ ዞሯል፣ ወደ እኔ። ሸክም የሰለቸው ክንድ እንደሚንቀጠቀጥ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ወዴት እንደምልከው እስክነግረው ይጠብቃል።

እሪ ልል ነበር፤ እናትህ እንዳይሰሙ አፌን ያዝኩ። ወጥቼ እጀታውን ጨበጥኩት። እንደ እጅህ ይሞቅ ነበር። ጥቂት እንዲሁ ያዝኩህ፣ አለቀስኩም። ከዚያ በራሴ ክንድ ከመስኮቱ መልሼ ወደ ሰማይ አቀናሁት፣ በግምት እስከ ጎሬ ወሰድኩት። ምነው እንዲህ እንደሚከብድ ነግረኸኝ አታውቅም? ጨርሼ ስለቀው እጀታው ቀዝቅዞ ነበር። ውስጥ ስገባ ሥዕሉን ጉንዳን ወርሮታል። ለሸህ አህመድ እንደድሮው ሰማዩን ይዩ አልኳቸው። ምን ሆነሽ ነው ብለው አዘኑልኝ።

ታደስዬ፣ ሰው የሚታወሰው በመጠራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ ስምህን ለቄሱ ነው የምሰጠው፣ በየወሩ በዕለትህ በጸሎት ያነሱህ። የሚጠይቀኝ ሰው ካለም ሳቅህን፣ ቁጣህን፣ ጥቁሩን ቀይ ባሕርህን አወራለታለሁ። ልማድ ክፉ ነውና አንድ ቀን አፌ ስቶ ቢጮህ፣ እባክህ፣ እኔን ብለህ እንዳትነሳ።

አስታውስሃለሁ። አልጠራህም። ተኛ፣ ሆዴ።

ባለቤትህ አስቴር
መቱ