አልሰረዝ ስላለው ፎልደርና ስለ ልብስ ሰፊዋ ሳንባ

ክቡር የኮምፒውተርና የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር ጠንክሮ፣ እንቅልፍዎም ስልክ ሳይረብሸው እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል የማገለግል የራጅ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እርስዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት የላክኋቸው ማመልከቻዎች ደረጃውን ሲወጡ ደክሟቸው የቀሩ ስለመሰለኝ ነው።

ነገሩን እርስዎ ቢያውቁትም ለሌላው አንባቢ ላስረዳ። የራጅ ምስሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ሞልቷል። ግማሹን ቦታ ይዞ የተኛው «ልዩ ልዩ አሮጌ» የተባለ፣ ማንም የማይጠቀምበት አንድ ፎልደር ነው። ልሰርዘው ስል «ፈቃድ የለዎትም» ይለኛል። የታካሚ ሳንባ ልሰርዝ ብል ግን ኮምፒውተሩ ለአፍታ እንኳ አያመነታም። ስለዚህ በክፍልዎ መመሪያ መሠረት አዲስ ታካሚ ሲመጣ የቆየ ታካሚ ምስል ይሰረዛል። እስካሁን የተሰረዙት ሐኪሞቹ አያስፈልጉንም ያሏቸው ነበሩ፤ እነሱ አልቀዋል። ሰኞ ጠዋት ተራው የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው።

ሐኪሟ አምና በሳንባዋ ላይ አንዲት ነጥብ አይቶ ነበር። ሰኞ አዲስ ራጅ ተነሥታ ሁለቱ ምስሎች ይስተያያሉ፤ ነጥቧ አድጋ ከሆነ ደረቷ ይከፈታል፣ ካላደገች ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። የአምናው ምስል ከጠፋ ግን ሐኪሙ የሚያስተያየው ነገር የለውም፤ የሚቀረው ግምት ብቻ ነው።

እንግዲህ ለማማረር ሳይሆን ውለታዎን ለመዘርዘር ያህል፦

፩ኛ፦ መጀመሪያ ስደውልልዎ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። አጥፍቼ አበራሁት። ፎልደሩ እንቅልፉን ጠግቦ ተነሣ።

፪ኛ፦ የልብስ ሰፊዋን ምስል በፍላሽ ገልብጬ ላትርፈው ብል፣ ቫይረስ እንዳይገባ ተብሎ መሰኪያዎቹ በሙሉ በፕላስተር ተለጥፈው አገኘኋቸው። ፕላስተሩ ከቁስል ማሸጊያ ክፍል የመጣ መሆኑን ሳይ፣ በክፍሎች መካከል ትብብር የለም የሚሉ ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ ገባኝ።

፫ኛ፦ የፎልደሩን ፈቃድ እንዲያስተካክሉልኝ ብለምንዎ፣ ፈቃድ መስጠት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ይህንንም የሚያጣራ ኮሚቴ እንደሚቋቋም በትዕግሥት አስረዱኝ። ሰብሳቢውም ጸሐፊውም እርስዎ መሆንዎን ስሰማ፣ ቢያንስ ስብሰባው በአባላት መቅረት እንደማይስተጓጎል ተጽናናሁ።

፬ኛ፦ ትናንት እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ረዳትዎ ወርዶ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ታግሎ፣ ፈቃዱን «አስተካከለልኝ»። ቀድሞ ፎልደሩን መክፈትም መሰረዝም አልችልም ነበር። አሁን መክፈት እችላለሁ፤ መሰረዝ ግን አሁንም አልችልም። ለዚህ እርምጃ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ያገኙታል።

ረዳትዎ እንደወጣ ልብስ ሰፊዋ ቀጠሮዋን ልታረጋግጥ ብቅ አለች። ሳሏን በመሐረቧ አፍና፣ «የኔ ልጅ፣ የአምናዋ ፎቶ አለች አይደል?» አለችኝ። አለች አልኳት። ቀልዱ ይቅርና እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ለአንድ ፎልደር ያሳዩትን ርኅራኄ ለአንዲት ሴት ሳንባም አይነፍጉም በሚል ተስፋ፣ ለበርዎ፣ ለጸሐፊዎና ለኮሚቴዎ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣

ከምድር ቤት፣
ትዕዛዝዎን ስትፈጽም የኖረችው የራጅ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው እንዳይደክም ብዬ፣ በተሰጠኝ የመክፈት ፈቃድ ፎልደሩን ከፈትኩት። ውስጡ የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ከኬክ ቆረሳው እስከ ጭፈራው፣ ከየአቅጣጫው የተቀረጸ። ሙሽራው እርስዎ ነዎት። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሙሽሪትም ታምራለች። ሰኞ ጠዋት ግን ከሁለቱ አንዱ መሰረዙ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊዋን ምስል አልነካም። በሁለቱም ላይ ሙሉ ፈቃድ ያለዎት እርስዎ ስለሆኑ፣ ወንበሩን ጠርጌ ማውዙን አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ። ልብስ ሰፊዋም ተራዋን ይዛ ከወንበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሰው አክባሪ ናትና ሲገቡ ብድግ ብላ እጅ ትነሣዎታለች። ሰላምታዋን ከተቀበሉ በኋላ የፈለጉትን ይሰርዙ።