ስለተሰጠኝ የሰካራምነት ማዕረግ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም ግራ ጉንጭዎ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ እወዳለሁ። የእኔን ከጠየቁኝ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ኤሌክትሪክ እንደያዘው ያደርገዋል። በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ነኝ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ የነርቮቼን ሽፋን እየላጠ ከእግሬ ጀምሮ ፊቴ ላይ ደርሷል። ልጄ ልትስመኝ ስትጠጋ በእጄ እገፋታለሁ።

አንደኛ፣ ሐኪምዎ ለፊቴ ሕመም ያዘዙልኝን መድኃኒት፣ እንደተነገረኝ መጠኑን እየጨመርኩ ብወስድ፣ ድሮም የሚጎተተው እግሬ ጭራሽ ተንገዳገደ፣ አንደበቴም ተሳሰረ። የፊቴን ሕመም ለማስቆም በተያዘልኝ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ቀን እህቴን ተደግፌ ብመጣ፣ የበሩ ጥበቃዎ ትንፋሼን እንኳ ሳያሸቱ ሰካራም መሆኔን ደረሱበትና መለሱኝ። ሐኪሞችዎ የጥርስ ሕመም ነው ብለው ሁለት ጤነኛ የመንጋጋ ጥርሶቼን ነቅለው ዓመት ሙሉ የደከሙበትን ምርመራ እሳቸው በቆሙበት ስለጨረሱት፣ ሹመት እንዳይነፍጓቸው አደራ እላለሁ።

ሁለተኛ፣ እህቴ ቢሮዎ ድረስ መጥታ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እያሳየች ብታስረዳዎ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ የመጠጥ ማቆሚያ ትምህርት ተከታትላ መጠጥ ማቆሟ ሳይረጋገጥ ቀዶ ሕክምና የለም ሲሉ ወስነዋል። አንድ ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ የምትዘጋጅ ሴት ጠርሙስ እንዴት እንደምትጨርስ ቢያስተምሩኝ ምስጋናዬ ወሰን አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱን ትቼ ቀጥ ብዬ ልምጣ ብል ሕመሙ አፌን ስለሚዘጋው ስሜን እንኳ መናገር አልችልም። ብወስደው ሰካራም፣ ብተወው ዲዳ።

በጨዋ ቋንቋ ስለጻፍኩ ያልተናደድኩ እንዳይመስልዎ፤ አንጀቴ አርሯል። ቀጠሮዬን ይመልሱልኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ የምለምንዎ ይህንኑ ብቻ ነው፤ ልጄ ጉንጬን እንድትስመኝ እፈልጋለሁ።

በሁለት እግርዎ ጸንተው ለሚቆሙት ለእርስዎ፣ እንዳልወድቅ ግድግዳ ይዤ እጅ እየነሳሁ፣

ጠብታ የማትቀምሰው ሰካራምዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባዘዙት መሠረት የመጠጥ ማቆሚያውን ትምህርት ጀምሬያለሁ። እዚያ ያሉት እውነተኛ ጠጪዎች ደረጃው ላይ ስንገዳገድ አይተው፣ አንድ ነገር ሳይጠይቁ ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡኝ። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ምን ጠጥቼ እንዲህ እንደሆንኩ ቀስ ብለው ቢጠይቁኝ የመድኃኒቱን ስም ነገርኳቸው፤ ማን እንደሚቀዳልኝ ሲጠይቁኝም የእርስዎን ሆስፒታል ጠራሁ። በዕድሜያቸው ያልገቡበት መጠጥ ቤት እንደሌለ፣ ሆኖም ራሱ አስክሮ ሲያበቃ ደንበኛውን ሰክረሻል ብሎ ከበር የሚመልስ ቤት ሰምተው እንደማያውቁ ነግረውኛል።