ባልሽ ያመጣልኝ ዘይት

ገርጂ፣ ረቡዕ ጥር 15 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ እህቴ የሺአረግ፣

ሙሽሪት እንዴት ሰነበተች ብሎ መጠየቅ ከወንድም የሚጠበቅ ነበር። እኔ ግን እንኳን አንቺን ልጠይቅ፣ ቀና ብዬ እማዬን ማየትም አቅቶኛል። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ሚዜሽ ሙሉ ናት። ነገ ለመልሱ ስትመጪ ላንቺ ፊት ለፊት የምናገርበት አፍ ስለሌለኝ ነው የጻፍኩት።

እሁድ ላምበረት ዳገት ላይ ሠርግሽን ያስቆመው የአባባ ሞተር አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ከሠርጉ በፊት ባልሽ ዓለምሰገድ አጎቶቹን ይዞ ቤታችን የመጣ ዕለት አንድ ጋሎን ዘይት እንደሰጠኝ ታስታውሻለሽ። «ሙሽሮችን የምትመራ ሞተር ከሱቄ ምርጡ ይገባታል» አለኝ። ያን ዕለት ገና የጋሎኑን ጽሑፍ ሳነብ እንደማይሆን አውቄ ነበር። ዘይቱ የመኪና ነው። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን መኪና ላይ ሲሆን ዘይት አይነካውም፤ የሞተርሳይክል ግን እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ በጣም የሚያንሸራትት ዘይት ከገባበት መያዝ ያቅተዋል። አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘይት ስትገዛ ዋጋውን ሳይሆን ለምን እንደተሠራ እይ እያለ ስንት ጊዜ መክሮኛል። ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አጎቶቹ እያዩ፣ እማዬም አማች ማለት እንዲህ ነው እያለች ስትመርቅ፣ ስጦታህ አይሆንም ማለት አንገቱን ማስደፋት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ።

መቀበሉስ ይሁን። አልጋ ሥር ከትቼው ዝም ማለት እችል ነበር። ቅዳሜ ሰው ልኮ ዘይቱን ቀየርክ ወይ ብሎ ሲያስጠይቀኝ ግን መዋሸት ከበደኝ። ደህናውን ዘይቷን ደፍቼ የሱን ጨመርኩባት።

እስከ መገናኛ ምንም አላለችም። የቪዲዮው ልጅ ሚስባህ ከኋላዬ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ይቀርጻል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እነዳለሁ። ዳገቱን ስንጀምር ሞተሯ ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ጩኸቷ ብቻ ይጨምራል። በመጨረሻ ለገመች። ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። አንደኛው አጎቱ በመስኮት ብቅ ብለው፣ ሠርግ ከመንገድ ሲቆም ደግ አይደለም ሲሉ ሰማኋቸው።

ዓለምሰገድ በሙሉ ሱፉ ወርዶ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

«አይዞህ አብነት፤ አሮጌ ናት፣ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን የአባባን ሞተር የናቀብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

«የገደላት ያንተ ዘይት ነው። መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ ትላለህ፣ የምትሸጠውን እንኳ አታውቅም» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሰማ። ሚስባህም ካሜራውን አላጠፋም ነበር። አንገቱን ላላስደፋ ብዬ በጨመርኩት ዘይት የተነሳ በገዛ ሠርጉ ቀን አንገቱን አስደፋሁት። አንቺም ቬሎሽን ገልጠሽ አየሽኝ፤ ከዚያ ዓይንሽን ወደ መሬት መለስሽ። መኪኖቹ አልፈውኝ ሄዱ፤ እኔም ሞተሯን እየገፋሁ ወደ ገርጂ ተመለስኩ። ከሠርግሽ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም።

ትናንት ደግሞ ከዚያ የባሰ አደረግሁ። ዓለምሰገድ ቤት መጣ። ሙሽራ ከመልስ በፊት አማቶቹ ደጅ እንደማይደርስ እያወቀ፣ ብቻውን መጣ። ድምፁን ስሰማ ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ። እማዬን የለም በይው ብዬ በእጄ ለመንኳት። ወጣ ብሏል አለችው፤ በስተርጅና አስዋሸኋት።

«ጥፋቱ የኔ ነው ይበሉልኝ። ሰው ጠይቄ ትክክለኛውን አምጥቼለታለሁ» አላት።

ሌላ ጋሎን በሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የኔ ጫማ እዚያው በሩ ላይ ነበር። ሳያየው አልቀረም።

ሲርቅ ወጥቼ ጽሑፉን አነበብኩት። የሺዬ፣ ይሄም አይሆንም። በርግጥ የሞተርሳይክል ነው፤ ግን ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለሚነድባቸው ለትንንሾቹ የተሠራ ነው። የኛዋ ከዚያ ወገን አይደለችም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ። እኔ ሰድቤው ስደበቅ እሱ ለሞተሬ ዘይት ሲያፈላልግ ሰንብቷል።

እማዬ ዛሬም አመስግነህ ተቀበልና ዝም በል ትለኛለች። ዝም ማለቴ ያመጣውን ግን አይቼዋለሁ። የሰደብኩት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውንም በሰው ፊት፣ አጎቶቹ እያዩ፣ ጉልበቱን ስሜ እጠይቀዋለሁ። እንግዳው ሲበተን ደግሞ ጓሮ ወስጄ፣ ማንም በማይሰማበት፣ ወንድሜ ይሄም አይሆንም እለዋለሁ። ከዚያ አብረን ሄደን የሚሆነውን እንገዛለን።

አንቺ ብቻ ስታዪኝ ፊትሽን አታዙሪብኝ። ነገ ጫማዬን አድርጌ ደጅ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ፣
አብነት